ሐይቅ ላይ የደረስኩት ለቅሶ

አንድ ክፉ አመል አለኝ፤ ሰው ጨዋታ ሲያወራ አርማለሁ። «ማክሰኞ ለታ» ሲሉ «ረቡዕ ነው» እላለሁ። «ነጭ መኪና» ሲሉ «ክሬም ነበረች» እላለሁ። ጨዋታው ይቀዘቅዛል፣ ተናጋሪው ያኮርፋል፣ እኔ ግን እውነትን ከሞት ያዳንኩ ይመስለኛል። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሆን ብላ ከጎኔ ትቀመጥና፣ አፌን ልከፍት ስል ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ትረግጠኛለች።

አላህ እንዲህ ያለውን ሰው በምን እንደሚቀጣ ያውቅበታል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ባለን ያገር ልጆች ዘንድ እጅግ ከሚወሩት ጨዋታዎች አንዱ የኔ ታሪክ ነው። ስሜ አልተነሳበትም። ሁሉም እንዳሻው እያበላሸ ያወራዋል፤ ላርም ብል ደግሞ የታሪኩ ባለቤት ማን እንደሆነ ሊታወቅ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ጥርሴን ነክሼ ሰማሁት።

ጨዋታው የተስፋፋው ኤርፖርት ነው። እኔም በኋላ ታክሲ ነጂ ሆንኩና እዚያው ገባሁበት። የኤርፖርት ታክሲ ሥራ ሲያዩት መንዳት ይመስላል እንጂ አብዛኛው መጠበቅ ነው። መጠበቂያው ግቢ ውስጥ መኪኖቻችንን ደርድረን ተራችን እስኪደርስ እናወራለን። ግቢው እንደ ማንኛውም መንደር የራሱ ሕግና የራሱ እምነት ነበረው። የጠዋት የመጀመሪያው ተሳፋሪ ሻንጣ ካልያዘ ቀኑ ገደቢስ ነው ይባላል። ተራው ሲቃረብ መኪናውን የጠረገ ሰው የሚደርሰው ሪችፊልድ የሚወርድ ተሳፋሪ ነው፤ ሪችፊልድ ማለት ከኤርፖርቱ አጥር ማዶ ናት፣ ለእሷ ብሎ ግማሽ ቀን የጠበቀ ሰው ሲመለስ አያናግሩትም። እኔ የተማርኩ ነኝ ባይ ስለሆንኩ በዚህ ሁሉ አላምንም ነበር። ግን ተራዬ ሲቃረብ መኪናዬን ጠርጌ አላውቅም።

አዲስ ሰው ሲመጣ ደግሞ የመቀበያ ሥርዓት ነበረን። ሻይ ይገዛለታል፤ ከዚያ አንዱ «የድንኳኑን ሰውዬ ሰምተሃል?» ይለዋል። አልሰማሁም ካለ ይወራለታል። ሰምቻለሁ ካለ «እናንተ ሰፈር እንዴት ነው የሚወራው?» ተብሎ እሱ እንዲያወራ ይደረጋል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ አዲስ መጤ ለቅሶ ልድረስ ብሎ ይወጣና፣ ውሃው በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ድንኳን ተክለው ዓሣ የሚያጠምዱ ፈረንጆች መሐል ገብቶ ሲያለቅስ ይውላል።

ከዚህ ወዲያ ያለው እንደ ተናጋሪው ነው። የወሎ ልጆች «ሰውየው የአዲስ አበባ ልጅ ነው» ይላሉ፤ የአዲስ አበባ ልጆች «ከተማ አይቶ የማያውቅ ነው» ይላሉ፤ ሶማሌዎቹ ክርክር ውስጥ አይገቡም፣ «ከናንተው አንዱ ነው» ብለው ይተዉታል። ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ የሚሠሩት እህቶች ዘንድ ሰውየው ደረቱን እየደቃ ሙሾ ያወርዳል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ዘንድ ዓሣውን ሲሰጡት «ጾም ላይ ነኝ» ይላል። አንዳንዶች፣ ዓሣ ለማጥመድ የተቆፈረውን ጉድጓድ መቃብር መስሎት በረዶ ሊያለብስበት ይነሳል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ቢራ ሰጥተውት ጠጣና ሰክሮ ነው ያለቀሰው ይላሉ። ይህቺ የቢራዋ ነገር ውስጤን ታሳርረው ነበር። ጅል ብሎ ያልታደለ ብሎ የሰደበኝን ሁሉ ይቅር እላለሁ፤ ግን እኔ አልኮል በአፌ ዞሮ አያውቅም።

እውነቱ ይኸውና።

አሜሪካ ከገባሁ ገና ወራት ብቻ ነበሩ። የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ አፓርታማ ተጋርተን የምንኖረው ከአንድ ታላቃችን ጋር ነው፤ ሁላችንም «ሐጂ» እንላቸው ነበር። መካ ሄደው አያውቁም ያኔ። እንሄዳለን ብለው ብዙ ስለተናገሩ ማዕረጉን ቀድመን ሰጠናቸው። ታክሲ ነጂ ናቸው፣ ደግ ናቸው፣ ምሥጢር ግን አይችሉም።

አንድ እሑድ፣ ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲጥል ባደረ ማግስት፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ለሚኖር አንድ የወሎ ሰው መርዶ ተነገረ ተባለ። እናቱ ደሴ አርፈዋል፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀለት ለቀብር መሄድ አልቻለም፣ ለቅሶውን እዚሁ ተቀምጧል። ሰውየውን አላውቀውም። ለቅሶ ለመድረስ ግን መተዋወቅ መቼ ያስፈልጋል? ዛሬ ያልደረስኩለት ሰው ነገ ማን ሆኖ ይደርስልኛል? እንዲህ ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት። ልክ እንዲሆን ከተባለ ግን፣ የወጣሁት ለሟች ብቻ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ሰው አለ፣ ትኩስ ምግብ አለ፣ አማርኛ አለ። ከአንሶላ ጋር ብቻ ወራት ለከረመ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐጂ በጠዋት ቀድመው ሄደው ነበር። እኔ ከሥራ ስወጣ ደወልኩላቸውና አድራሻውን አጻፉኝ፤ የአውቶቡሱን ቁጥር ነገሩኝ። «ሐይቁ አጠገብ ነው፣ አይጠፋህም» አሉኝ። ሁለት ነገር ሳይነግሩኝ ቀሩ። አንደኛው፣ በዚህ አገር ለቅሶ ቤት ድንኳን እንደማይተከል ነው። ሁለተኛው፣ ሐይቅ በዚያ ወር ሐይቅ እንደማይመስል።

ከአውቶቡስ ስወርድ ነጭ ሜዳ ነው ያገኘሁት። ሐይቁን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ሜዳው መሐል ግን ድንኳን አየሁ። ትንንሾችም ነበሩ፤ መሐል ላይ ግን አንድ ሰፊ ሰማያዊ ድንኳን ተተክሏል፣ በሩ ላይ መኪኖች ቆመዋል፣ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ ይወጣሉ። አድራሻውን ኪሴ ከተትኩት። ድንኳን እያዩ የቤት ቁጥር የሚፈልግ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ፊቴን አጠየምኩና ገባሁ። ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ሁሉም ዝቅ ያለ ነገር ላይ ተቀምጠው፣ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ መሬት መሬት ያያሉ። ማንም አይናገርም። ከዚያ የበለጠ ለቅሶ የሚመስል ነገር አገር ቤትም አላየሁም። ሐበሻ ግን አንድም የለም። እዚህ ላይ ነበር መንቃት የነበረብኝ፤ እኔ ግን ምክንያት ለማግኘት ማንም አይቀድመኝም። «የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ፈረንጅ ቢሆኑም ወግ ያውቃሉ» ብዬ አደነቅኳቸው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። አንድ ግዙፍ ጺማም ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና፣ ምንም ሳይል ባልዲ ገልብጦ ሰጠኝ። ተቀመጥኩ።

ጉድጓዱን አይቼዋለሁ። መቃብር ግን አልመሰለኝም። ሴትየዋ የሞቱት ደሴ ነው፤ ጅል ነኝ እንጂ እብድ አይደለሁም። የቧንቧ ነገር መሰለኝ። ጺማሙ ሰውዬ ቢራ ዘረጋልኝ፤ «ለቅሶ ቤት ይጠጣል እንዴ?» ብዬ በሆዴ ታዝቤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እምቢ አልኩ። ከዚያ ከረጢት ሙሉ ኦቾሎኒ ዘረጋልኝ። ይኼኔ ምንም ጥርጣሬ አልቀረኝም። ያገራችን ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይዞራል፣ እዚህ ስንዴ መቀቀል ስለማይችሉ ኦቾሎኒ አዞሩ። ዘግኜ በላሁ።

ከዚያ አለቀስኩ። ይህን ያህሉን ጨዋታው አልዋሸም። አባቴ የሞተው እኔ ኬንያ ሳለሁ ነው። የነገሩኝ በስልክ ነው፤ ሰው በተሰለፈበት የስልክ ቤት ውስጥ። ከኋላዬ የቆመው ሰው «ጨርሰሃል?» አለኝ። «ጨርሻለሁ» ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩበት ቦታ አልነበረም። እዚያ ድንኳን ውስጥ ሁሉም ዝም ብሎ፣ ሁሉም አቀርቅሮ ሳይ፣ አባቴ መጣብኝ። ድምፅ አላወጣሁም፤ እንባዬ ግን አልቆም አለ። ሚኒሶታ ውስጥ ሰው ምን ሆንክ ብሎ አይጠይቅም። ጺማሙ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና ማሞቂያውን ወደኔ አስጠጋ። በዚያች ሰዓት እውነት እላችኋለሁ፣ ከተወለድኩ እንደዚያ ጥሩ ለቅሶ ደርሼ አላውቅም ብዬ ነበር።

ድንገት አንዱ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተነሱ። ሳቁ፣ ተቃቀፉ፣ ከመሬት ውስጥ ክር ጎተቱ፣ ከክሩ ጫፍ የሚንፈራገጥ ዓሣ ወጣ። ጺማሙ በደስታ ጀርባዬን መታኝ። እኔ እንባዬ ሳይደርቅ፣ አፌ ውስጥ ኦቾሎኒ እንደያዝኩ፣ ዓሣ በምን ቦታ እንደሚኖር አሰብኩ። ከዚያ የቆምኩበት ምን እንደሆነ አወቅሁ። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም፤ በእግሬ ሮጥኩ ማለት አይቻልም፣ ግማሹን መንገድ የተጓዝኩት በቂጤ ነው።

ለቅሶ ቤቱን ፈልጌ ብሄድ ይሻል ነበር። ግን ሱሪዬ ርሷል፣ ፊቴ አብጧል፣ ምን ብዬ እገባለሁ? በመጣሁበት አውቶቡስ ተመለስኩ። ማታ ሐጂ ሲገቡ «ለምን ቀረህ? በረዶው ሰው አስቀርቶ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ሰውየው በሩን በሩን ሲያይ ዋለ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቃቸው አልቆም ብሎ የመግሪብ ሰላት ሊያመልጣቸው ነበር። ለማንም እንዳይናገሩ አስማልኳቸው፤ «ስምህን ብነሳ! የማን ለቅሶ እንደነበረም አላወጣም» አሉ። ቃላቸውን ጠበቁ። ሌላውን ሁሉ በማግስቱ ኤርፖርት ላይ አወሩት።

ዓመታት አለፉ። እኔም ታክሲ ያዝኩ፣ መንገዱን ሁሉ ለመድኩ፣ ሐይቅና ሜዳ መለየት ቻልኩ። ያገር አሮጊቶችን ወደ ክሊኒክ ሳመላልስ አስተርጓሚ ሆና አብራቸው የምትሄድ ልጅ አወቅሁ። አሮጊቶቹ ከኋላ እያንቀላፉ እኛ ከፊት ስናወራ፣ ጨዋታችን ሥር ሰደደ። ላገባት ፈለግሁ፤ እሷም እሺ አለች። ከዚያ ስለ አባቷ ነገረችኝ።

«አባቴ ስለ አንድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው» አለችኝ። «እናቱ ስትሞት፣ እዚህ ለቅሶ ሲቀመጥ፣ የበረዶ ስቶርም ነበረና ብዙ ሰው አልመጣም። ወንበር ተበድሮ ደርድሮ ነበር፤ ባዶውን ዋለ። ከዚያ ወዲህ ለእሱ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የዚያን ቀን የመጣና የዚያን ቀን ያልመጣ። አንተ መጥተህ ነበር?»

ያኔ ቤታቸው የት እንደነበር ጠየቅኳት። ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ አለችኝ።

ሁሉን ነገርኳት። ዝንተ ዓለም ስትስቅበት የኖረችው ሰውዬ እኔ መሆኔን ስታውቅ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ዓይኗን ጠረገች። «ይኼንን ንገረው» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ግትር ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። እኚህ ሰው እናታቸውን አልቀበሩም፤ የቀረቻቸው በባዶ ክፍል የዋሉባት ያቺ ቀን ናት። ከተማው ሁሉ የሚስቅበት ቀልድ የተወለደው ከእናትዎ ለቅሶ ነው፣ ጀማሪውም እኔ ነኝ፣ አሁን ልጅዎን ይስጡኝ ልበል? ዝም ብል ልጅቷን አጣለሁ፤ ብናገር አባትየውን ሁለተኛ አቆስላለሁ፣ ልጅቷንም አጣለሁ። ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ ሐጂን ስለምን «ያቺን ነገር እንዳያነሱ» ብዬ እንደገና አስማልኳቸው። አባትየው የማይቀረውን «መጥቶ ነበር?» ቢሏቸው ምን እንደሚመልሱ ግን እሳቸውም እኔም አላሰብንበትም።

ወጉ፣ ሽማግሌ ሲላክ ፈላጊው ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል እንጂ አብሮ አይሄድም። ግን የሄድንበት ቅዳሜ ብርዱ የሐጂን መኪና አላስነሳ አለ፤ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ደግሞ በበረዶ አንነዳም አሉ። ስለዚህ ሦስቱን ሽማግሌዎች በራሴ ታክሲ ጭኜ አባትየው ወደተዛወሩባት ሪችፊልድ ወሰድኳቸው። ኤርፖርት ላይ ለዓመታት የሸሸኋት ሪችፊልድ፣ ዛሬ በነፃ። እነሱ ገቡ፣ እኔ ሞተሩን እንዳስነሳሁ መኪናው ውስጥ ቀረሁ።

ብዙም ሳይቆይ መስኮቱ ተንኳኳ። አባትየው ናቸው፤ በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ቆመዋል። በዓይን አይተውኝ አያውቁም። «ወንድሜ፣ ሽማግሌዎቹ ሾፌራችን ነው አሉኝ። ሰው ደጄ ላይ በብርድ አይቀመጥም፣ ና ግባ» አሉኝ። ሐጂ ዋሽተዋል ማለት አይቻልም፤ ሾፌር ነኝ። ምን ማድረግ እችላለሁ፣ ገባሁ።

ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ወጉ ነው፤ መልሳቸውን ሳይሰሙ አይቀመጡም፣ አይቀምሱም። እኔ ግን ሾፌር ስለሆንኩ ወግ አይመለከተኝም፤ በሩ አጠገብ ጫማ የተደረደረበት ጋ አስቀመጡኝና የልጅቷ እናት ሻይና ሳምቡሳ አቀረቡልኝ። ሦስት አዛውንት በኔ ምክንያት በእግራቸው ቆመው፣ እኔ ተቀምጬ ሳምቡሳ እበላለሁ። ልጅቷ ብቅ ብላ አየችኝና ወዲያው ተመለሰች።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ልጅዎን ለልጃችን አሉ። አባትየው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«ሥራው?»

«ታክሲ ነው፤ ማታ ማታ ይማራል።»

«ይሰግዳል?»

«ይሰግዳል» አሉ ሐጂ። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

«ጠባዩስ?»

«ጨዋ ነው። ትንሽ ሰው ማረም ይወዳል።»

አባትየው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «አንድ ነገር ልጠይቅ። የእናቴ ለቅሶ ላይ ነበር?»

ሐጂ እኔን አዩ፤ እኔ ሳምቡሳዬን አየሁ። «ያኔ አዲስ ነበር» አሉ ሐጂ። «ወጥቶ ነበር፣ እንዲያው መንገድ ጠፍቶት...»

«መንገድ ጠፍቶት» አሉ አባትየው፤ ድምፃቸውን አላነሱም። «ስንቱ ነው መንገድ ጠፍቶኝ ያለኝ። ሐጂ፣ ያቺን የድንኳኑን ሰውዬ ጨዋታ ያውቋታል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ ሐጂ፣ የጨዋታው አባት።

«ሰው ሁሉ ይስቅበታል። እኔም ስቄያለሁ። ግን አንዳንዴ ሳስበው፣ ያ ሰውዬ ለማያውቀው ሰው ለቅሶ ብሎ በዚያ ብርድ ወጥቷል። ጉድጓዱ መቃብር መስሎታል፣ ሙሾ አውርዷል፣ ጅል ነው። ቢራ ሰጥተውት ጠጥቶ ሰክሯል፣ አላህ ይምራው። ግን ወጥቷል። አትቆጡኝና፣ እናንተ ያመጣችሁልኝ ልጅ ከዚያ ከሰከረ ጅል እንኳ ያንሳል።»

መቃብሩን ዋጥኩት። ሙሾውንም ዋጥኩት። ራሴን ከራሴ ጋር ሲያወዳድሩኝና እኔ ስሸነፍ ያንንም ዋጥኩት። ግን ቢራ። ልጃቸውን የምጠይቅ ሰው ነኝ። ያኔ ከጠረጴዛ ሥር የሚረግጠኝ እግር አልነበረም።

«ቢራ አልጠጣም» አልኩ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምን አልክ ወንድሜ?»

«ቢራ ሰጥተውታል፣ አልተቀበለም። የበላው ኦቾሎኒ ነው።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«የበላሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጉድጓዱም መቃብር አልመሰለኝም።»

አባትየው ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳቅ ፈነዳባቸው። ጉልበታቸውን መቱ፣ ሚስታቸውን ጠሩ፣ «የድንኳኑ ሰውዬ እኛ ቤት ሻይ ይጠጣል!» አሉ። እንዲህ ሲስቁ ደስ ይሉ ነበር። እየሳቁ፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ለመሆኑ የማን ለቅሶ ነበር የጠፋህ?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ቀኑን ሲስት የማርመው እኔ፣ ወደ ሐጂ ዞርኩ።

«የእርስዎ ነው» አሉ ሐጂ። «ፈልጎ ያጣት ቤት የእርስዎ ናት። ሾፌራችን ነው ያልኩትም፣ ሾፌራችን ብቻ አይደለም።»

ሳቁ ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ምንጣፉን አዩ። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ይኸው አለቀልኝ፣ ሰውየውን በቤታቸው፣ በሻያቸው ላይ አዋረድኳቸው ብዬ አሰብኩ። ጫማዬ የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግሁ።

«አለቀሰ ይላሉ» አሉ ሳያዩኝ። «እሱስ ውሸት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለእናቴ?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ያኔ አዎ ብል ማን ያርመኛል? «ስገባ ለእናትዎ ብዬ ነበር» አልኩ። «ያለቀስኩት ግን ለአባቴ ነው። ለቅሶውን አልተቀመጥኩም ነበር።»

የሽማግሌዎቹ ጉልበት ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር።

«እኔ ጋ የመጡትም እንደዚያው ነበሩ» አሉ በመጨረሻ። «አንዱ ወንድሙን፣ አንዷ ልጇን። ለቅሶ ሌላ ምንድን ነው?» ከዚያ ቀና አሉ። «ድንኳኑ ውስጥ ሰው ነበር?»

«ሙሉ ነበር።»

«ሙሉ» አሉ። ደጋግመው አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔ ጋ ወንበሩ ባዶ ነበር።»

ተነሡና ለሐጂ ወንበር አስጠጉላቸው። «በሉ እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ። ሐጂ ለመቀመጥ ሳይሆን ለማረጋገጥ አዩዋቸው። «ተቀመጡ አልኩ እኮ» አሉ። ሦስቱም ተቀመጡ። ከማድቤቱ በኩል አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ፤ ልጅቷ ናት።

የኒካሁ ቀን፣ ምሳው ከተነሳ በኋላ፣ አማቼ ቆመው ያን ጨዋታ አወሩ። ስንት ዓመት ስሰማው እንዲህ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። በሳቸው ጨዋታ ውስጥ ጅል የለም፣ ቢራ የለም፣ መቃብርም የለም። አንድ ልጅ ለቅሶ ሊደርስ በበረዶ ይወጣል፣ መንገድ ይጠፋዋል፣ ሐይቅ ላይ ድንኳን ያገኛል። የማን ሐዘን እንደሆነ ለፈረንጆቹ ይነግራቸዋል። ከዚያ ፈረንጆቹ ክራቸውን አስቀምጠው አብረውት ያለቅሳሉ። «ለእናቴ፣ ለደሴዋ ሴት፣ ባላየችው አገር ሐይቅ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ የማያውቋት ሰዎች ሞልተውት አለቀሱላት» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

ከኤርፖርት የመጣ አንድ ጓደኛዬ፣ አመሌን የሚያውቅ፣ ወደኔ ዞሮ «እውነት ነው?» አለኝ። አማቼም ወደኔ አዩ። የዓሣውን ጩኸት አስታወስኩ፣ ሳቃቸውን፣ ተቃቅፈው ሲዘሉ። ሙሽራዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ስታነሳ ታወቀኝ።

«እውነት ነው» አልኩ። «ሁሉም አልቅሰዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር።»